ለወንድምሽ ሠርግ ጀርመን ልትሄጂ ላልሽው፦ ወረቀትሽን መልሰው እንዳያስታቅፉሽ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አየሁት። ወንድምሽ ጀርመን ነው፣ ሊያገባ ነው፣ ሠርጌ ላይ ተገኚልኝ ብሎ ጠርቶሻል። የግል ድርጅት ውስጥ ትሠሪያለሽ፣ ባልና ልጆች አሉሽ፣ ከአገር ወጥተሽ አታውቂም። «ቪዛ ለማግኘት 15 ቀን ይበቃል ወይ? ኤጀንት ልያዝ ወይ? ኢቲያስ የሚባለውንስ መሙላት አለብኝ?» ብለሻል። ከሥር ብዙ ሰው መልሶልሻል። ግማሹ ልክ ነው፣ ግማሹ ግን ገንዘብሽን የሚያስበላ ነው። እኔ ያለፍኩበት መንገድ ቁርጥ ያንቺው ነው። እህቴ ወልዳ ለክርስትናው ጠርታኝ ነበር። መጀመሪያ ተከለከልኩ፣ በኋላ ተሰጠኝ፣ ሄጄ በሰላም ተመለስኩ። ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

1. ኢቲያስን እርሺው። እሱ ያለ ቪዛ አውሮፓ መግባት ለሚችሉ ፓስፖርቶች የታሰበ የጉዞ ፈቃድ ነው። አሜሪካዊ ወይም ካናዳዊ ዜግነት ላላቸው ዘመዶቻችን እንጂ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ሰው አይደለም። አንቺ የሚያስፈልግሽ የአጭር ጊዜ የሸንገን ቪዛ ነው፣ ጀርመንን ጨምሮ ብዙ የአውሮፓ አገሮችን በአንድ ቪዛ የሚያስገባው። «በኢቲያስ እናስገባሻለን» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅሽ ካለ አጭበርባሪ ነው፣ ቁጥሩን ብሎክ አድርጊው።

2. 15 ቀን የሚለውን አትመኚ። ለአብዛኛው ዓለም መደበኛው እሱ ነው። ለእኛ ግን እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 29 ቀን 2024 የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ልዩ ውሳኔ አሳልፎብናል። በጉዳዩ እኔና አንቺ የለንበትም። የአውሮፓ መንግሥታት ከአገራቸው የሚያባርሯቸውን ኢትዮጵያውያን በመመለስ ረገድ የእኛ መንግሥት በቂ ትብብር አላደረገም ብለው ነው። መዘዙ ግን ለእህቷ ልጅ ክርስትና ልትሄድ በተነሳች እናት ላይ ወረደ። በዚህ ውሳኔ መሠረት ማመልከቻ የሚታይበት መደበኛ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን ከፍ አለ። አንዳንድ ሰነድ ሳይጠየቁ የሚታለፉበት ማቅለያም ቀረ። ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ መስጠትም ቆመ። ማመልከቻ ከጉዞሽ 6 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ማስገባት ይቻላል። የሠርጉ ቀን ከተቆረጠ ዛሬውኑ ቀጠሮ መፈለግ ጀምሪ። የቀጠሮው ወረፋ ከ45ቱ ቀን ውጪ መሆኑንም አስቢበት።

3. ወንድምሽ የሚልከው ወረቀት። ተራ የጥሪ ደብዳቤ ብቻ ይዘሽ አትሂጂ። እዚያ ያሉት ፈርፕፍሊሽቱንግስኤርክሌሩንግ ይሉታል፣ የወጪሽን ኃላፊነት እወስዳለሁ ብሎ የሚፈርመው የግዴታ ሰነድ ነው። የሚኖርበት ከተማ ያለው የውጭ ዜጎች ቢሮ ሄዶ፣ የደመወዝ ማስረጃውን አሳይቶ፣ 29 ዩሮ ከፍሎ ያወጣዋል። ቢሮው ገቢውን አጣርቶ አቅሙ መረጋገጡን ወረቀቱ ላይ ምልክት ያደርግበታል። ወንድምሽ ያንን ምልክት ሳያይ ከቢሮው እንዳይወጣ ንገሪው። ኦሪጅናሉ በእጅሽ መግባት አለበት፤ በስልክ የተላከ ፎቶ ዋጋ የለውም። እኔ በሚመጣ ሰው እጅ ነው ያስላክሁት። ደግሞ ይህ ወረቀት ለቪዛ የሚያገለግለው ለ6 ወር ነው፣ በጣም ቀድሞም አያውጣው።

4. ይህንን ከሁሉም በላይ አጥብቀሽ ያዥልኝ። የተከለከልኩት በዚህ ምክንያት ስለሆነ ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ለቆንስላው ማመልከቻ የሚቀበለው ቢሮ ቀጠሮዬ ለጠዋት ነበር። ወረቀቴን ሁሉ በክላሰር በየተራው አደራጅቼ ነው የሄድኩት። የሥራ ደብዳቤ፣ የፈቃድ ደብዳቤ፣ የባንክ ስቴትመንት፣ የእህቴ የግዴታ ሰነድ። ከዚያ ደግሞ የጋብቻ ምስክር ወረቀታችን፣ የልጆቼ የልደት ምስክር ወረቀት ከነትርጉሙ፣ የቤታችን ካርታ ኮፒ፣ የባሌ የሥራ ደብዳቤ፣ በራሴ ቃል የጻፍኩት የማብራሪያ ደብዳቤ። የልደት ምስክሮቹን ለማውጣት ወረዳ ተመላልሻለሁ። ለማስተርጎም ከፍያለሁ።

መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። በዕድሜ ታናሼ ናት፣ ግን ከመጀመሪያው ቃል «አንቺ» አለችኝ። ክላሰሩን ተቀብላ ወረቀቶቹን እያወጣች በሁለት ከፈለቻቸው። አንዱን ክምር ለራሷ አስቀረች። ሌላውን በመስታወቱ ሥር ገፋ አድርጋ መለሰችልኝ። ጋብቻው፣ ልደቶቹ፣ ካርታው፣ የባሌ ደብዳቤ፣ ማብራሪያዬ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ናቸው። «ይሄ ዝርዝሩ ላይ የለም፣ ወረቀት አታብዢብኝ፣ ከኋላሽ ሰው አለ» አለችኝ። ለምን እንደያዝኩት ላስረዳት ስል «ነገርኩሽ እኮ» ብላ ወደ አሻራው ክፍል አሳለፈችኝ። ሰው ፊት እንደ ልጅ ተገሥጬ ወረቀቴን ታቅፌ ወጣሁ።

ውጤቱ ሲመጣ እምቢታ ሆነ። የእምቢታው ወረቀት ፎርም ነው፣ ምክንያቶቹ ተደርድረው ሣጥን ሣጥን አላቸው። የእኔ ምልክት የተደረገበት ቪዛው ከማለቁ በፊት ከሸንገን አገሮች ለመውጣት ባለኝ ሐሳብ ላይ ምክንያታዊ ጥርጣሬ አለ የሚለው ነበር። ይታይሽ! ለመመለሴ ማስረጃ የሆኑት ባሌ፣ ልጆቼና ቤቴ በሙሉ ያቺ ልጅ ገፍታ የመለሰችው ክምር ውስጥ ነበሩ። ቆንስላው አላያቸውም። ባላየው ነገር እንዴት ይፍረድ? እህቴም የልጇን ክርስትና ያለእኔ አደረገች።

ከዚያ በኋላ ተቀምጬ የሸንገንን የቪዛ ሕግ አነበብኩ። እንግሊዝኛው ከባድ አይደለም፣ አንቺም አንብቢው። ሕጉ በግልጽ እንደሚለው ማመልከቻን መመርመር፣ ቃለ መጠይቅ ማድረግና መወሰን የቆንስላው ሥራ ብቻ ነው። ወረቀት ተቀባዩ ድርጅት ሥራው መሰብሰብ፣ አሻራ መውሰድ፣ ክፍያ መቀበልና ማስተላለፍ ነው። የጎደለ ነገር ካለ ሊነግርሽ ይችላል። የትኛው ማስረጃሽ ይጠቅማል፣ የትኛው አይጠቅምም ብሎ የመፍረድ ሥልጣን ግን የለውም።

ለሁለተኛው ማመልከቻ የማብራሪያ ደብዳቤዬን እንደገና ጻፍኩት። አንድ ገጽ ናት። ለምን እንደምሄድ፣ ማን ቤት እንደማርፍ፣ መቼ ወደ ሥራዬ እንደምመለስ፣ ልጆቼ ከማን ጋር እንደሚቆዩ። ግርጌው ላይ አባሪ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ በቁጥር ዘረዘርኳቸው፣ በየወረቀቱ ጥግ ላይም ያንኑ ቁጥር ጻፍኩበት። እንዲህ ሲሆን አንዱ ቢወጣ መጉደሉ ያስታውቃል። መከልከሌንም አልደበቅኩም። መዝገባቸው ውስጥ አለ፣ ብትዋሺ ወዲያው ነው የሚያዩት። በአንድ አንቀጽ ባለፈው እነዚህ ሰነዶች ከማመልከቻዬ ጋር እንዳልደረሱ ጻፍኩ።

መስኮቱ ላይ በዚህኛው ቀን ወንድ ልጅ ነበር። እሱም ወረቀቶቹን በሁለት መለየት ጀመረ። «የኔ ወንድም፣ እነዚህ በሙሉ የማመልከቻዬ አካል ናቸው፣ ደብዳቤው ላይ ተዘርዝረዋል። ወሳኙ ቆንስላው ነው። አልቀበልም ካልክ ምክንያቱን ጽፈህ ፈርምልኝ» አልኩት። ድምፄን ከፍ አላደረግኩም። ፊቱ ተለዋወጠ፣ ተነስቶ አለቃውን ጠራ። እሷ ደብዳቤዬን አነበበች፣ ክላሰሩን ገለጥ ገለጥ አደረገችና «ተቀበላት» አለችው። ሁሉም ስካን ሆኖ ሲገባ ዓይኔ እያየ ነው የወጣሁት። ቪዛው መጣ። ማንም አማልዶኝ አይደለም፣ ኤጀንትም አልያዝኩም። በራሴ ጽፌ፣ በራሴ ተከራክሬ ነው ያገኘሁት፣ በዚህም እኮራለሁ።

እና አንቺም ዝርዝሩ ላይ ባይኖርም የባልሽን፣ የልጆችሽን፣ የቤትሽን ወረቀት ያዢ። ይመለስ ቢሉሽ እሺ አትበዪ። በጨዋ ቋንቋ፣ ግን ሳትነቃነቂ።

ከሥር አንዱ «ከተከለከልሽ ለኤምባሲው የቅሬታ ደብዳቤ ጻፊ፣ እንደገና ያዩልሻል» ብሎሻል። ያ ድሮ ነበር። ጀርመን ያንን አሠራር እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ በመላው ዓለም አስቀርታዋለች። አሁን የቀረው በርሊን በሚገኘው የአስተዳደር ፍርድ ቤት በአንድ ወር ውስጥ መክሰስ ነው። ጊዜም ገንዘብም ይበላል። የጎደለውን አሟልቶ እንደገና ማመልከት ይሻላል፣ ከተከለከልሽ በኋላ ይህን ያህል ጊዜ ጠብቂ የሚል ሕግ የለም። ክፍያው ግን አይመለስም። ከጁን 2024 ወዲህ ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፣ የተቀባዩ ቢሮ የአገልግሎት ክፍያ ለብቻው ነው።

የባንኩን ነገር በተመለከተ «ከሰው ተበድረሽ አስገቢ፣ ስቴትመንት አውጥተሽ መልሺ» ያለሽን ሰው እባክሽ አትስሚው። ለወራት ባዶ የነበረ ሒሳብ በአንድ ሳምንት ሲያብጥ የሚያየው ሰው ሥራው ይኸው ነው። ወጪሽን ወንድምሽ ፈርሞበታል። ያንቺ ሒሳብ ማሳየት ያለበት ደመወዝሽ በየወሩ እንደሚገባና እዚህ የቆመ ኑሮ እንዳለሽ ነው። ዕቁብ ደርሶሽ ከሆነ ወይም ዕቃ ሸጠሽ ትልቅ ገንዘብ ከገባ፣ ከየት እንደመጣ በደብዳቤሽ አስረጂ።

ኤጀንት? ፎርም ሞልቶ ቀጠሮ የሚያስይዝልሽ ከሆነ ለእሱ ብቻ ክፈዪው፣ የሞላውንም ሳታነቢ አትፈርሚ። የጎረቤቴን ልጅ አንዱ ደላላ የማታውቀው ሆቴል ቡኪንግ አስገብቶላት ነበር። ዘመድ ቤት ነው የማርፈው ብላ ቆንስላው ጋ መለሰች፣ ወረቀቷ ሌላ አለ። የሐሰት ሰነድ ብቻውን ለመከልከል ይበቃል፣ ደላላው ደግሞ ስልኩን ይዘጋል፣ ተጠያቂዋ አንቺው ነሽ።

ሌላውን በአጭሩ ልበልሽ። ፓስፖርትሽ ከሸንገን ከምትወጪበት ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚያገለግል፣ ከወጣ 10 ዓመት ያልሞላው፣ ሁለት ባዶ ገጽ ያለው ይሁን። የጉዞ ኢንሹራንሱ በሁሉም የሸንገን አገሮች የሚሠራና ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። ትኬት ቪዛው ሳይመጣ አትቁረጪ፣ የሚጠየቀው ሪዘርቬሽን ነው። ቃለ መጠይቅ ከተደረገልሽ የወንድምሽን ሥራ፣ የሙሽራዋን ስም፣ ሠርጉ የት እንደሆነ ሳታመነቺ መልሺ። «ልጄን ልውሰደው ወይ» ብለሽም ጠይቀሻል። ከ6 ዓመት በታች ክፍያ የለም፣ ከ6 ዓመት ጀምሮ 12 እስኪሞላው 45 ዩሮ ነው። የባልሽ የጽሑፍ ፈቃድ ግን ያስፈልጋል። እኔ ብሆን ትቼው እሄድ ነበር፤ ልጆቼ እዚህ መቅረታቸው ራሱ ትልቅ ማስረጃ ሆኖልኛል።

ቪዛው ሲመጣ ፓስፖርቱን ስመሽ ቦርሳ ውስጥ ከመክተትሽ በፊት ተለጣፊውን አንብቢ። ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን የሚል አለ፣ ከሥሩ ደግሞ የመቆያ ቀናት ቁጥር አለ። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ብዙ ጊዜ የቀኖቹ ርቀት ከቁጥሩ በ15 ቀን ይበልጣል፣ ያ የጉዞሽ ቀን ቢቀያየር ተብሎ የተተወ እንጂ ተጨማሪ መቆያ አይደለም። የምትቆዪው ቁጥሩን ያህል ብቻ ነው፣ የገባሽበትም የወጣሽበትም ቀን ይቆጠራል። ቪዛሽ አንዴ ብቻ የሚያስገባ ስለሚሆን ወንድምሽ «በዚያው ለንደን ደርሰን እንምጣ» ቢልሽ እሺ አትበዪው። እንግሊዝ ሸንገን አይደለችም፣ ሌላ ቪዛ ትፈልጋለች። ከሸንገን ከወጣሽም በዚያው ቪዛ አትመለሺም። ፓሪስና ሮም ግን በዚሁ ቪዛ ትሄጃለሽ።

ቪዛው በእጅሽ እያለም የድንበር ፖሊሱ የመጠየቅ መብት አለው። የወንድምሽን አድራሻና ስልክ፣ የግዴታውን ሰነድ ኮፒ፣ ኢንሹራንሱንና የመመለሻ ትኬቱን በእጅ ቦርሳ ያዢ። ሻንጣ ውስጥ አድርገሽ እንዳታስጭኚው፣ ሻንጣሽን የምታገኚው ፖሊሱን ካለፍሽ በኋላ ነው። ከኦክቶበር 12 ቀን 2025 ጀምሮ መግቢያና መውጫን የሚመዘግብ አዲስ ሥርዓት ስላለ ፎቶ ያነሱሻል፣ ማኅተሙም በእሱ እየተተካ ነው። ቀኑን የሚቆጥረው ኮምፒዩተር ስለሆነ አንድ ቀን ብታሳልፊ ይታወቃል። የመመለሻ ትኬትሽን ቁጥሩ ከሚያልቅበት ሁለት ሦስት ቀን ቀድመሽ ቁረጪ። በረራ ቢሰረዝብሽ መተንፈሻ ይኖርሻል።