በመጀመሪያው ሰዓት የሚያመልጠው ቴኦፊሊን

በሃይፕሮሜሎዝ (ውኃ ሲነካው የሚያብጥ ፖሊመር) ማትሪክስ፣ ማለትም መድኃኒቱን በውስጡ ይዞ በሚያቆይ አካል፣ የሚያዘጋጁት ቀስ በቀስ የሚለቅ የቴኦፊሊን (የአስም መድኃኒት) ክኒን ቀድሞ በ1፣ በ2 እና በ4 ሰዓት 19፣ 27 እና 38 በመቶ ይለቅ እንደነበር፣ አዲስ የፖሊመር ጭነት ከገባ ወዲህ ግን ቁጥሩ 40፣ 47 እና 59 መሆኑን ጽፈውልኛል። ከእርስዎ በፊት የነበረው ባለሙያ የመጭመቂያውን ኃይል ከፍ ቢያደርግም ለውጥ አልታየም።

ከሁሉ በፊት ይህ ባች (በአንድ ዙር የተመረተው ክኒን በሙሉ) ተለይቶ ይቆለፍበት። ቴኦፊሊን በሚጠቅመውና በሚጎዳው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ስለሆነ፣ ለብዙ ሰዓታት የታሰበው መጠን በአንዴ ቢወጣ የልብ ምት መዛባትና መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ይችላል።

ጥርጣሬዬ በፖሊመሩ ብናኝ ሸካራነት ላይ ነው፤ ምክንያቱም ከቁጥሮችዎ ይነበባል። ውኃ ክኒኑን ሲያገኘው በገጹ ያለው ሃይፕሮሜሎዝ አብጦ ጄል ይሆናል፣ መድኃኒቱም በዚያ ጄል ውስጥ ሰርጎ ይወጣል። ጊዜው በገፋ ቁጥር ደረቁ እምብርት ወደ ውስጥ ስለሚሸሽ መድኃኒቱ የሚጓዘው መንገድ ይረዝማል፣ ፍጥነቱም ይቀንሳል። ስለዚህ የሚወጣው መጠን ከሰዓቱ ጋር ሳይሆን ከሰዓቱ ስኩዌር ሩት ጋር በተመጣጣኝ ያድጋል፤ ጊዜው አራት እጥፍ ሲሆን መጠኑ እጥፍ ብቻ ይሆናል። የመድኃኒት ሳይንቲስቱ ታኬሩ ሂጉቺ ይህንን ሕግ እ.ኤ.አ. በ1961 ያወጣው ለክኒን ሳይሆን ለቅባት መድኃኒት ነበር፤ ያም ሆኖ እስከ 60 በመቶ ገደማ ድረስ ለማትሪክስ ክኒን ጥሩ መለኪያ ነው። የቀድሞው ባችዎ ይህንን ሕግ ይከተላል፤ 19 በ4ኛው ሰዓት 38 ሆኗል። አዲሱ ግን ከ40 ተነሥቶ 80 አልደረሰም። አሮጌውን ከአዲሱ ቢቀንሱ ልዩነቱ 21፣ 20 እና 21 ነው፤ ማለትም ተጨማሪው መድኃኒት በሙሉ የወጣው በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ጄሉ እንደ ድሮው እየሠራ ነው። ጣሪያው ሳይከደን ዝናብ እንደደረሰበት ቤት ማለት ነው።

ሸካራ ብናኝ በዝግታ ስለሚያብጥ፣ ጄሉ ሳይገጥም ውኃው በቀዳዳዎቹ ሾልኮ ይገባል። ርካሽ አቅራቢዎች የሚያስመርሩኝም በዚህ ነው፤ በምስክር ወረቀቱ ላይ ያው ስምና ያው የቪስኮሲቲ (ሲሟሟ የሚኖረው ውፍረት) ደረጃ ይጻፋል፣ የብናኙ ሸካራነት ግን አይጠቀስም። መጭመቂያውን ማጥበቅም ከንቱ ድካም ነው፤ ክኒኑ አንዴ ከራሰ በኋላ የሚወስነው የፖሊመሩ አበጣጠር እንጂ የደረቁ ክኒን ጥንካሬ አይደለም።

ለማረጋገጥ አንዱን ክኒን በ15ኛው ደቂቃ ከዲሶሉሽን ዕቃው (የመድኃኒቱ አለቃቀቅ በፈሳሽ ውስጥ ከሚለካበት) አውጥተው በምላጭ ለሁለት ይሰንጥቁት። ጤነኛው ደረቅ ነጭ እምብርቱን ከዳር እስከ ዳር የሚከብብ ጥርት ያለ የጄል ቀለበት ያሳያል። የታመመው ቀለበት ይቆራረጣል፣ ነጫጭ ቅንጣቶች ይታዩበታል፣ ከዕቃው ሥርም ፍርፋሪ ይገኛል። ቀጥሎ ሁለቱን የፖሊመር ጭነቶች በ150 ማይክሮሜትር ወንፊት ነፍተው በላይ የቀረውን ይመዝኑ፤ ቀስ በቀስ ለሚለቅ ክኒን የሚሸጠው ዓይነት አብዛኛው ማለፍ አለበት።

አዲሱ ሸካራ ከሆነ መልሰው ደቃቁን ያስመጡ፣ የፖሊመሩን ድርሻም ከክኒኑ ክብደት ከ30 በመቶ በታች አያውርዱት። ከፍተኛ ቪስኮሲቲ ወዳለው ደረጃ ለመሸጋገር አይቸኩሉ፤ እርሱ በዋናነት የሚለውጠው ከመጀመሪያው ሰዓት በኋላ ያለውን ፍጥነት ነው፣ ያ ደግሞ አሁን ደህና ነው። የወደቀውን ባች ፈጭቶ ከአዲስ ጋር መቀላቀልም አይታሰብ፤ ደግሜ እላለሁ፣ አንድም ክኒን ወደ ታካሚ አይሂድ።

ሁለቱ ጭነቶች በወንፊቱ ላይ እኩል ከሆኑ የምርመራውን ፈሳሽ ይፈትሹ። በጣም የጠነከረ የፎስፌት ባፈር (አሲድነቱ እንዳይለዋወጥ የተዘጋጀ የጨው ፈሳሽ) የሃይፕሮሜሎዝን እብጠት ስለሚያዘገይ ይህንኑ ምልክት ሊያሳይ ይችላል፤ ያንኑ ክኒን በተጣራ ውኃ ቢሞክሩት ልዩነቱ ወዲያው ይለያል።