ልጄ ሶሮሪቲ ልግባ አለች፤ አባቷ አኩርፏል

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ልጃችን 19 ዓመቷ ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ባለፈው እሑድ ምሳ ላይ ሶሮሪቲ የሚባል የጥቁር ሴት ተማሪዎች ማኅበር ለመግባት ማሰቧን ነገረችን። ባለቤቴ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነው። «ምሥጢር ያለው ማኅበር የሰይጣን ነው» ብሎ እንጀራውን ሳይጨርስ እጁን ሊታጠብ ተነሣ። ከዚያ ወዲህ ስትደውል አያነሣም። እኔም ግርፊያና መጠጥ አለ ሲባል ሰምቼ እፈራለሁ። ግን ደግሞ የመጀመሪያውን ዓመት ጓደኛ አጥታ ስታለቅስ ነው የከረመችው። ምን ልበላት?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤዎን ሳነብ ልቤን የያዘው ልጅዎ ስታለቅስ መክረሟ ነው። ሶሮሪቲ ልግባ ማለቷ «ሰው እፈልጋለሁ» ማለቷም ነው። እናንተ እዚህ አገር ስትመጡ እድሩንና የጽዋ ማኅበሩን እንደፈለጋችሁት፣ እሷም ብታመም የሚያንኳኳልኝ ማን ነው ብላ እየፈለገች ነው። ይህን ፍላጎት እንደ ጥፋት አትዩባት።

ባለቤትዎ የፈሩትን ነገር ግን አላቃልለውም። በግሪክ ፊደል የሚጠራ ስም፣ የእጅ ምልክት፣ ለውጭ ሰው የማይነገር የአቀባበል ሥርዓት፤ አንድ አማኝ አባት ቢደነግጥ አይገርምም። ታሪኩን ቢያውቁት ግን ጥቂት የሚረጋጉ ይመስለኛል። የመጀመሪያው የጥቁር ሴቶች ሶሮሪቲ አልፋ ካፓ አልፋ እ.ኤ.አ. በ1908 ዋሽንግተን ውስጥ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ። የቀድሞዋ የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት ካማላ ሃሪስ የዚያ ማኅበር አባል ናቸው። በ1913 እዚያው ሃዋርድ የተመሠረተው ዴልታ ሲግማ ቴታ ደግሞ ገና ሁለት ወር ሳይሞላው አባላቱን ይዞ ሴቶች የመምረጥ መብት ለጠየቁበት ሰልፍ ወጣ። አባልነቱ ከምረቃ በኋላም የሚቀጥል፣ ዕድሜ ልክ የሚባል ነው። ሥርዓቱ ከእምነቷ ጋር ይጋጭ እንደሆነ ግን እሷ ራሷ ለንስሐ አባቷ ታቅርበው፤ እኔ የምፈርድበት ጉዳይ አይደለም።

የእርስዎ ፍርሃት ሌላ ነው፤ እኔም እጋራዎታለሁ። ሄዚንግ የሚባለው፣ አዲስ ገቢውን ማስጠጣት፣ እንቅልፍ መንሣት፣ መምታትና ማዋረድ፣ እውነት ነው። በ2021 ቨርጂኒያ ውስጥ ሪችመንድ ላይ ፍራተርኒቲ የሚባል የወንድ ተማሪዎች ማኅበር ሊገባ የነበረ የ19 ዓመት ተማሪ ብዙ መጠጥ እንዲጠጣ ተደርጎ ሞቷል። የጥቁር ተማሪዎቹ ማኅበራት ፕሌጂንግ የሚሉትን የቆየ የአዲስ ገቢ ፈተና በ1990 በይፋ ቢያስቀሩም፣ በድብቅ የሚያደርጉት ጠፍተው አያውቁም።

እዚህ ላይ አንድ ጥናት ልንገርዎ። በ1959 ኤልዮት አሮንሰንና ጀድሰን ሚልስ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች የኮሌጅ ሴቶችን ወደ አንድ የውይይት ቡድን አስገቡ። አንዳንዶቹ ከመግባታቸው በፊት የሚያሳፍር ነገር ጮክ ብለው እንዲያነቡ ተደረገ። ውይይቱ ሆን ተብሎ አሰልቺ ነበር። ይበልጥ የተሸማቀቁት ልጆች ግን ውይይቱን ከሌሎቹ አብልጠው ወደዱት። ሰው ለአንድ ነገር ከተሠቃየ በኋላ «በከንቱ ነው የተሠቃየሁት» ማለት ይከብደዋል። ስለዚህ ልጅዎ የማትቀበለውን ነገር መወሰን ያለባት አሁን፣ ከመግባቷ በፊት ነው። መሀል ከገባች በኋላ ዓይኗ እንደዛሬው ላያይላት ይችላል።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። በአንድ ወቅት ለምክር የመጣች ወጣት በአንዲት ክፉ ሌሊት ስልኳን አውጥታ የእናቷን ስም እያየች ቆይታ መልሳ ኪሷ እንደከተተችው ነግራኛለች። «አላልኩሽም ነበር?» መባልን ፈርታ ነው። እህቴ፣ ከሶሮሪቲው ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ የባለቤትዎ ኩርፊያ ነው። ልጅዎ ዛሬ ፈቃድ ልትጠይቅ ቤት ድረስ መጥታለች፤ ደብቃ መግባት ትችል ነበር። ይህ በር ከተዘጋ ግን መግባቷ ላይቀር ይችላል፤ የሚቀረው ለእናንተ መንገሯ ነው።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት በቅድሚያ ከባለቤትዎ ጋር ይነጋገሩ። «ተስማማ» አይበሏቸው፤ «ደውልላት» ብቻ ይበሏቸው። አልስማማም ማለት መብታቸው ነው፤ ስልኩን ግን ያንሡ።

ከዚያ ከልጅዎ ጋር ቁጭ በሉ። በታኅሣሥ 2024 የወጣ የፌዴራል ሕግ ዩኒቨርሲቲዎች በሄዚንግ የተቀጡ ማኅበራትን ስም ይፋ እንዲያደርጉ ያስገድዳል፤ የዩኒቨርሲቲዋን ድረ ገጽ አብራችሁ እዩት። የመግቢያውንና የየዓመቱን መዋጮ በጽሑፍ ታምጣ፤ ማን እንደሚከፍለውም ተነጋገሩ። አቋርጠው የወጡ ልጆች ካሉ አግኝታ ታናግራቸው፤ እኔ ከአባላቱ ይልቅ የእነሱን ምስክርነት አምናለሁ። የሥርዓቱን ቃል አትጠይቋት። «ለማንም እንዳትናገሪ» ተብሎ ሰውነቷን የሚነካ፣ የሚያስጠጣ ወይም የሚያዋርድ ነገር ቢመጣ ግን ምሥጢር እንዳልሆነ አሁኑኑ ንገሯት።

ከሁሉ በላይ ይህን ቃል ግቡላት፦ በእኩለ ሌሊትም ብትደውል አባቷ መኪናውን አስነሥቶ ይመጣል፣ በመንገድ ላይ ማንም ምንም አይጠይቃትም፣ ቤት ስትደርስ ሻይ ይፈላላታል። ይህን ባለቤትዎ በራሳቸው አፍ ቢነግሯት ደስ ይለኛል።