ከጦርነቱ በኋላ የነበሩት የኤሌክትሪክ መኪኖች ለምን ጠፉ?

ወንድማችን፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የኤሌክትሪክ መኪና ነበር የሚባለው እውነት ነው ወይ፣ ያጠፉትስ የነዳጅ ኩባንያዎች ናቸው ወይ ብለህ ጠይቀሃል። አዎ፣ ነበረ። በእኔ እምነት ግን የጣለው ባትሪው ነው። ይህን የምለው አሜሪካ መጋዘን ውስጥ ስሠራ ስድስት ዓመት ሙሉ ከፎርክሊፍት (ከባድ ዕቃ የሚያነሳ መኪና) ባትሪ ጋር ስታገል ስለኖርኩ ነው።

ታማ የተባለችውን የጃፓን የኤሌክትሪክ መኪና ተመልከት። እ.ኤ.አ. 1947 ነው። ጃፓን ውስጥ ቤንዚን የለም፤ ከውሃ ኃይል የሚመጣው መብራት ግን ይተርፋል። በጦርነቱ ጊዜ አውሮፕላን ይሠራ ከነበረው የታቺካዋ ፋብሪካ የወጡ ሰዎች ይህችን መኪና ሠሩ። በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች፤ አንዴ ቻርጅ ከተደረገች 65 ኪሎ ሜትር ትጓዛለች። ታክሲም ሆና ሠርታለች።

ልቤን የነካው የባትሪዋ አቀያየር ነው። ወለሉ ሥር ግራና ቀኝ የባትሪ ሳጥን አለ። ሳጥኑ በሮለር ላይ ይንሸራተታል። ያለቀውን ስበህ ታወጣለህ፣ የሞላውን ገፍተህ ታስገባለህ። እኛም መጋዘን ውስጥ የምናደርገው ይህንኑ ነበር! በ1950 የኮሪያ ጦርነት ሲነሳ ግን ባትሪው የሚሠራበት እርሳስ ዋጋው ናረ፤ ቤንዚንም እንደልብ መገኘት ጀመረ። ታማ በዚያው ቀረች።

አሜሪካ ውስጥ ደግሞ በ1959 ሄኒ ኪሎዋት የምትባል የኤሌክትሪክ መኪና መጣች። አካሏ ሬኖ ዶፊን ከተባለችው የፈረንሳይ መኪና የተወሰደ ነው። መጀመሪያ በ36 ቮልት 64 ኪሎ ሜትር ያህል ትሄድ ነበር። በኋላ 72 ቮልት ሲሆን ወደ 97 ከፍ አለች። የተሸጠችው ግን ከመቶ በታች ነው፤ አብዛኞቹን የገዙትም የመብራት ኩባንያዎች ናቸው።

የእኛ ፎርክሊፍት ባትሪ ከአንድ ቶን በላይ ይመዝን ነበር። እዚያ ክብደቱ ጥቅም ነው፤ ዕቃ ሲያነሳ ፎርክሊፍቱ ወደፊት እንዳይደፋ የሚይዘው እሱ ነው። መኪና ላይ ግን ሸክም ነው። ርቀት ለመጨመር ባትሪ ስትጨምር ከጉልበቱ ከፊሉ የጨመርከውን ባትሪ በመሸከም ያልቃል።

እንክብካቤውም ቀላል አይደለም። ባትሪው ሴል በሚባሉ ክፍሎች የተከፋፈለ ነው፤ በየሴሉ የተጣራ ውሃ መጨመር አለብህ። አንድ ማታ ውሃውን ሳላይ ቻርጅ ላይ ትቼው ሄድኩ። ጠዋት ክዳኑን ስከፍት የገማ እንቁላል ሽታ ፊቴን መታኝ፤ በውስጡ ያሉት የእርሳስ ሳህኖች ከውሃው በላይ ወጥተው ደርቀዋል። ከዚያ ወዲህ ያ ባትሪ ግማሽ ቀን እንኳ አልሠራም። አንድ የቤት መኪና ባለቤት ይህን ሁሉ በየሳምንቱ ያደርጋል ብሎ መጠበቅ ከባድ ነው።

እንግሊዝ አገር ወተት ያድሉ የነበሩት የኤሌክትሪክ መኪኖች ግን በዚሁ የእርሳስ ባትሪ ለአሥርት ዓመታት ሠርተዋል። መንገዳቸው አጭርና የታወቀ ነበር። በየበሩ ይቆሙ ነበር፣ ፍጥነት አይፈልጉም ነበር። ሲጨርሱ ግቢያቸው ገብተው ቻርጅ ይደረጉ ነበር። ድምፅ ስለሌላቸውም ወተቱ ሊነጋጋ ሲል ሲደርስ የተኛውን ሰው አይቀሰቅሱም ነበር።