«ቫይረስ የለብህም» ተባልኩ፤ ጉበቴ ደህና ነው ማለት ነው?

ባለፈው ጉበትን ስለሚያጠቃው ቫይረስ፣ ስለ ሄፓታይተስ ቢ ክትባት ስጽፍ «እኛ ቫይረስ የለብንም፣ ምን ያስፈራናል?» ያላችሁ ብዙ ናችሁ። ዛሬ ቫይረሱን ወደ ጎን ትተን የጉበት ካንሰር ስለሚያመጣው ሌላው ነገር እንጠያየቅ።

ጥያቄ፦ ሄፓታይተስ ቢም ሲም ተመርምሬ ነፃ ነኝ። የጉበት ካንሰር አይነካኝም ማለት ነው?

አይደለም። በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ800,000 በላይ ሰው በጉበት ካንሰር ይያዛል። አብዛኛው አሁንም ከሁለቱ ቫይረሶች ጋር የተያያዘ ነው። ግን የቢ ክትባትና የሲ መድኃኒት ያንን ድርሻ እየቀነሱት ነው። በብዙ አገር እያደገ ያለው በቦርጭ፣ በስኳር በሽታና በመጠጥ በኩል የሚመጣው ነው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ዲሲ ነው። ለሌላ ነገር አልትራሳውንድ ስነሳ «ፋቲ ሊቨር (የስብ ጉበት) አለሽ» አሉኝ። መጠጥ አልቀምስም፣ ጿሚም ነኝ። ከየት መጣ?

እህቴ፣ ብዙ ሰው የሚደነግጠው እዚህ ጋ ነው። የደም ስኳርን የሚቆጣጠረው ኢንሱሊን እንደ ድሮው መሥራት ሲያቅተው ጉበት የተረፈውን ስኳር ወደ ስብ ይቀይራል። ስቡ በአንዳንዱ ሰው ጉበቱን ያስቆጣል፣ ቁጣው ጠባሳ ይተዋል፣ ጠባሳው ሲበዛ ሲሮሲስ ይባላል። ካንሰሩ በብዛት የሚበቅለው እሱ ላይ ነው። የስብ ጉበት ክፋቱ ግን አንዳንዴ ሲሮሲስ ሳይኖርም ካንሰር ማምጣቱ ነው።

ጾሙን አትውቀሺው፣ ማፍጠሪያውን እዪው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ፣ ከዚያ ዘይት የጠጣ ሳምቡሳ፣ አንድ ሳህን ፓስታ፣ ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለው ሻይ። ሥጋና ቅቤ የሉበትም፤ ጉበት ግን ስቡን ከዚህም ይሠራዋል።

ደግሞ አትሸበሪ፤ ፋቲ ሊቨር ካለበት ሰው ወደ ካንሰር የሚደርሰው ጥቂቱ ነው። ከክብደትሽ ከ7 እስከ 10 በመቶ ብትቀንሺ ጉበትሽ በደንብ ያገግማል። 80 ኪሎ ከሆንሽ ከ6 እስከ 8 ኪሎ ማለት ነው። ስኳርሽንም ተለኪ።

ጥያቄ፦ ኦቾሎኒ እነግዳለሁ። ሻጋታ ካንሰር ያመጣል የሚሉት እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ሁሉም ሻጋታ ግን አይደለም። አስፐርጊለስ የሚባለው ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል። ኦቾሎኒ፣ በቆሎና በርበሬ እርጥብ ሆነው ከተከማቹ ይወዳቸዋል። መቁላት መርዙን ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው ከበላው ደግሞ አደጋው ይባዛል።

ለመፈልፈል እንዲቀልህ ብለህ ውሃ አትርጭበት። የጠቆረውንና የተጨማደደውን ለቅመህ ጣል፤ አስፈጭተህ ለለውዝ ቅቤ አታድርገው። እዚያ ውስጥ ከገባ ማንም አያየውም።

ነገሩ ኦቾሎኒ ላይ አያበቃም። ከ10 ዓመት ገደማ በፊት በአዲስ አበባና ዙሪያዋ ከተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎች ውስጥ አፍላቶክሲናቸው በአውሮፓ ገደብ ውስጥ የተገኙት 9 ብቻ ነበሩ። ዋናው ምክንያት ላሞቹ የሚበሉት፣ በዚሁ መርዝ የተበከለው የኑግ ፋጉሎ ነበር። ወተት ውስጥ የሚገኘው የአፍላቶክሲን ዓይነት ከዋናው ደከም ያለ ነው፤ ቢሆንም ልጆች በየቀኑ የሚጠጡት ነገር ነው።

ጥያቄ፦ አረቄ ስንት መለኪያ ይፈቀዳል?

መለኪያ አልሰጥህም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም አልኮልን ካንሰር አምጪ ብሎ የመዘገበው በ1988 እ.ኤ.አ. ነው። ጠላም ይሁን ውስኪ፣ ጉበት ጋ ሲደርስ ያው አልኮል ነው። ስኳር ወይም ቦርጭ ካለህ ደግሞ ሁለቱ ይደጋገፉብሃል።

ጥያቄ፦ ጫትስ?

በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ የሐረር ጥናት ጫት መቃምን ሥር ከሰደደ የጉበት በሽታ ጋር አያይዞታል። ስለ ካንሰር የተናገረው ነገር ግን የለም።

ጥያቄ፦ ቡና እንዳትከለክለን!

ኧረ እንዴት ተደርጎ! ያው የካንሰር ምርምር ተቋም በ2016 እ.ኤ.አ. ቡናን ሲገመግም፣ ቡና ጠጪዎች ላይ የጉበት ካንሰር አነስ ብሎ ነው የታየው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ ይሁንላችሁ። ስኳሩን ቀንሱ፣ እያቃጠለም አትጠጡት፤ ከ65 ዲግሪ በላይ የሚጠጣ ትኩስ ነገር ለጉሮሮ ቧንቧ ያሰጋል።

ጥያቄ፦ ቲክቶክ ላይ የሚሸጠው የጉበት ማጽጃስ?

ብራችሁን ያጸዳል።

ጥያቄ፦ አባቴ ሲሮሲስ አለበት፣ ግን ምንም አያመውም። ምልክቱን እየጠበቅን ነው።

አትጠብቁ። ይሄ ካንሰር ገና ትንሽ እያለ አያምም። ክብደት ሲቀንስ፣ ዓይን ቢጫ ሲሆን፣ ሆድ በውሃ ሲነፋ ብዙ ጊዜ አልፏል። አባትህ በየ6 ወሩ አልትራሳውንድ ይነሱ፤ ከተቻለ ኤኤፍፒ የሚባለው የደም ምርመራም ይታከልበት። የዛሬው ንጹህ ሆነ ብላችሁ የሚቀጥለውን እንዳትዘሉት።