390 ፐርሰንት የሚለው ሰርቨርና ሊገዛ የታሰበው ማሽን

ወንድሜ፣ የጠየቅኸው ማራኪ ሰፈር ስላለው ሆቴል የክፍል ማስያዣ ሰርቨር ነው፦ ጃቫው (ማስያዣው የሚሠራበት ፕሮግራም) ቶፕ (top፣ የሲፒዩ አጠቃቀምን የሚያሳይ ትእዛዝ) ላይ 390 ፐርሰንት ይላል፣ ሪስታርት ስታደርገው ሰዓት ያህል ረጋ ብሎ ይመለስበታል፣ ባለቤቱም ጥምቀት ሳይደርስ ትልቅ ማሽን ልግዛ ብለዋል። አይግዙ።

1. 390ው አያስደንግጥህ። ቶፕ አንዱን ኮር (ሲፒዩው ውስጥ ራሱን ችሎ የሚሠራ ክፍል) 100 ብሎ ስለሚቆጥር የባለ 4 ኮር ጣሪያው 400 ነው።

2. እየነደደ ሳለ ሪስታርት አታድርግ፤ ማስረጃው አብሮ ይጠፋል። መጀመሪያ ቶፕ አናት ላይ ያለውን የሲፒዩውን መስመር አንብብ። ዩኤስ (us) ከፍ ካለ ሲፒዩውን የሚበላው ፕሮግራሙ ነው። ደብልዩኤ (wa) ከፍ ካለ ግን ሲፒዩው ሥራ ፈትቶ ዲስክ እየጠበቀ ነው፤ መብራት ድንገት ጠፍቶ ሲመጣ ሬይዱ (ዳታውን በብዙ ዲስኮች ላይ የሚያስቀምጠው አደረጃጀት) ራሱን እያመሳሰለ ከሆነ እንዲህ ሊታይ ይችላል። ኤስቲ (st) ከፍ ካለ፣ በኪራይ ማሽን ላይ አብሮህ የተከራየ ጎረቤት ድርሻህን እየበላብህ ነውና አከራዩን ያዝ። የፒኤስን (ps፣ ፕሮሰሶችን የሚዘረዝር ትእዛዝ) ፐርሰንት ደግሞ እርሳው፤ ፕሮሰሱ ከተነሳ ጀምሮ ያለ አማካይ ነው።

3. ቶፕ ላይ ትልቁን ኤች (H) ተጫን፤ ትሬዶቹ (ፕሮግራሙ ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄዱት ሥራዎች) አንድ በአንድ ይወጣሉ። አንዱ ብቻ 99 ላይ ከተሰቀለ ብዙ ጊዜ መውጫ ያጣ ሉፕ (ራሱን የሚደጋግም ኮድ) ነው። የትሬዱን ቁጥር ያዝ፤ ጃቫ 8ና 11 ላይ ጄስታክ (jstack፣ እያንዳንዱ ትሬድ የትኛው ኮድ ላይ እንዳለ የሚያሳይ ትእዛዝ) በሄክሳ (በ16 መሠረት አቆጣጠር) ስለሚጽፈው 4711ን 1267 ብለህ ፈልገው። በ10 ሰከንድ ልዩነት ሦስት ጊዜ አውጣ፤ ሦስቱም ላይ ያው የኮድ መስመር ካለ እሱ ነው። ጄስታክን ጃቫውን ባስነሳው ዩዘር አሂደው፤ በሩት (በዋናው አስተዳዳሪ ዩዘር) እምቢ ሊል ይችላል።

የአንተ ግን ይህ አይመስልም። አራቱም ኮር አንድ ላይ መንደዳቸው፣ ከሪስታርት በኋላም ሰዓት ቆይቶ መመለሱ የሚጠቁመው ሂፑ (ጃቫው ዕቃዎቹን የሚያስቀምጥበት ሜሞሪ) መሙላቱን ነው፤ ጋርቤጅ ኮሌክተሩ (ሂፑን የሚያጸዳው የጃቫ ክፍል) ደጋግሞ ይጠርጋል፣ የሚጥለው ግን አያገኝም። ጄስታትን (jstat፣ የሂፑን ሁኔታ የሚያሳይ ትእዛዝ) በጂሲዩቲል (-gcutil) በየ1000 ሚሊሰከንዱ አሂደው። የኦ አምድ (O፣ የሂፑ የቆዩ ዕቃዎች ክፍል ሙላት በፐርሰንት) 100 አጠገብ ቆሞ ኤፍጂሲ (FGC፣ የሙሉ ጠረጋዎች ብዛት) ሳያቋርጥ ከጨመረ በቃ፣ ተገኘ። ኮር መጨመር ለዚህ አይፈይድም። "ራም ጨምርበት" የሚሉህም (ፒያሳ ላይ አይጠፉም) ቢበዛ አንዱን ሰዓት ሦስት ያደርጉልሃል፤ ሂሳቡን የሚከፍለው ሆቴሉ ነው።

ይልቅ ጄማፕን (jmap) በሂስቶ (-histo) አውጥተህ የላይኞቹን 20 መስመሮች፣ ሂፑን በብዛት የያዙትን፣ እያቸው። እንዲህ ባለ ሲስተም ብዙ ጊዜ የሚገኘው ጊዜው የማያልፍበት ሴሽን (የአንድ ተጠቃሚ የገባበት መዝገብ) ወይም ልክ ያልተበጀለት ካሽ (ለፍጥነት ሲባል ሜሞሪ ላይ የተያዘ ቅጂ) ነው። ሙሉ ሂፕ ዳምፕ (የሂፑ ቅጂ በፋይል) ካስፈለገ እንግዳ በማይበዛበት ሰዓት አድርገው፤ እስኪጨርስ ፕሮግራሙን ያቆመዋል፣ ፋይሉም የሂፑን ያህል ሊሆን ስለሚችል የዲስኩን ባዶ ቦታ ቀድመህ እይ።