አንካሳው ዳክዬ ማነው?

ጥያቄ፦ የእንግሊዝኛ ዜና አዘውትሬ እሰማለሁ። ፖለቲካው ላይ ሲደርሱ ግን ይጠፋብኛል። ፕሬዚዳንቱን «ሌም ደክ» ሲሏቸው መዝገበ ቃላቱ «አንካሳ ዳክዬ» ይለኛል። «ቶሪ»ስ ስድብ ነው ወይስ የፓርቲ ስም?

መልስ፦ አይዞዎት፣ እኔም ጉድ ሆኜበታለሁ። ጀማሪ ተርጓሚ ሳለሁ «አንካሳው ዳክዬ ፕሬዚዳንት» ብዬ ጽፌ ለአርታኢዬ ሰጠሁ። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «ሰውየው እግራቸውን ምን ሆኑ?» አሉኝ።

እግራቸው ደህና ነው። ተተኪያቸው ተመርጦ የስንብት ቀናቸውን የሚጠብቁ መሪ ናቸው። ወንበሩ ላይ አሉ፣ የሚሰማቸው ግን እየሳሳ ነው። ቃሉ ራሱ ከገበያ የመጣ ነው። በ18ኛው መቶ ዘመን በለንደን አክሲዮን ገበያ ዕዳውን መክፈል ያቃተው ሰው ነበር እንዲህ የሚባለው። በ1970ዎቹ ብሪታንያ ደግሞ ያለ መንግሥት ድጎማ መቆም ያቃተው ኩባንያ ሁሉ «ሌም ደክ» ነበር። (ዓመታቱ በፈረንጆቹ ናቸው።)

«ቶሪ» ሁለቱንም ነው። መነሻው አይሪሽኛ ሲሆን ሽፍታ እንደማለት ነበር። በ1679 ገደማ የእንግሊዙ ንጉሥ ካቶሊክ ወንድም ዙፋኑን ይውረስ አይውረስ ተብሎ ጠብ ተነሳ። ይውረስ ያሉት «ቶሪ» ተባሉ። እነሱም አልተኙም፣ አይውረስ ባዮቹን በስኮትላንድ አማፂያን ስም «ዊግ» አሏቸው። የሚገርመው፣ ሁለቱም ወገን የተሰደበበትን ስም ወዶ ያዘው። የዛሬዎቹ የብሪታንያ ወግ አጥባቂዎች ራሳቸውን ቶሪ ይላሉ። ከተቃዋሚ አፍ ሲወጣ ግን ቃሉ ጥርስ ያወጣል። በአሜሪካ አብዮት ዘመንማ ቶሪ መባል ቀልድ አልነበረም፤ ለእንግሊዝ ንጉሥ ያደረ ማለት ነው።

ስድብን መልሶ በመልበስ እንደ ቀድሞዋ የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸር የተዋጣለት አላየሁም። በ1976 የሶቪየት ጦር ጋዜጣ ሊያላግጥባቸው «የብረት እመቤት» አላቸው። በሳምንቱ ቀይ ቀሚስ ለብሰው በንግግራቸው ራሳቸው ጠሩት። ከዚያ ወዲያ ከስሙ ማን ያላቅቃቸው!

ቀይ ካልን አይቀር አንድ ልጨምር። በብሪታንያ ቀይ የወግ አጥባቂዎቹ ተቀናቃኝ የሌበር ፓርቲ ቀለም ነው። በአሜሪካ ግን ከ2000ው ምርጫ ወዲህ ቀይ የሚባሉት ሪፐብሊካኖቹ ናቸው። «ቀይ አሸነፈ» የሚል ርዕስ ካዩ መጀመሪያ ጋዜጣው ከየት እንደመጣ ይመልከቱ።