ለእህቴ፦ ስለ ወንድምሽና ስለሚጨመርለት መድኃኒት

እህቴ፣ ወንድምሽ ለወስዋስ፣ ማለትም የሚያስጨንቅ ሐሳብ እየተመላለሰ አንድን ነገር ደጋግሞ ለሚያስደርግ ሕመም፣ ፍሉኦክሰቲን የተባለውን መድኃኒት እየወሰደም ውዱኡን (የሶላት ትጥበቱን) ደጋግሞ ማድረጉን እንዳልተወ፣ ሐኪሙም ሪስፐሪዶን ልጨምርለት ማለቱ እንዳስጨነቀሽ ጽፈሻል። «የእብድ መድኃኒት ነው» የሚሉሽን አትስሚ፤ ለዚህ ሕመም በትንሽ መጠን መደረቡ የታወቀ ሕክምና ነው።

መጀመሪያ ግን የሚወስደው ፍሉኦክሰቲን በቀን ስንት ሚሊግራም እንደሆነ ጠይቂ። ለድብርት 20 ሊበቃ ይችላል፤ ለወስዋስ ብዙ ጊዜ እስከ 60 ከፍ ተደርጎ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይጠበቃል። ያ ሳይሞከር አልሠራም ማለት ያስቸግራል።

በ2013 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት መድኃኒት እየወሰዱ በደንብ ያልተሻላቸውን 100 ሕሙማን አይቷል። ሪስፐሪዶን ከተጨመረላቸው 23 በመቶው፣ መድኃኒት የሌለው ክኒን ከተሰጣቸው 15 በመቶው ተሻላቸው። የሚፈሩትን እየነኩ ሳይታጠቡ መቆየትን ከባለሙያ ጋር ከተለማመዱት ግን 80 በመቶው! ስለዚህ ድሬም ሆነ ሐረር ይህን የሚያሠራ ባለሙያ አጥብቃችሁ ፈልጉ፤ እኔ ብሆን ከክኒኑ በፊት እሱን ነበር የምጠይቀው።

ሪስፐሪዶን ከተጀመረ ክብደቱና የደም ስኳሩ ይታይ። ፍሉኦክሰቲን ሪስፐሪዶንን በደም ውስጥ ከፍ ስለሚያደርገው በትንሹ መጀመር አለበት። ጫት የሚቅም ከሆነም፣ በኛ አገር ነውር አይደለምና፣ ለሐኪሙ በግልጽ ይንገረው፤ እንቅልፍ ይነሳል፣ ጭንቀትም ያባብሳል። በስድስት ሳምንት ግድም ለውጥ ከሌለ ሪስፐሪዶኑ ይቁም ወይ ብላችሁ ጠይቁ፤ በራሱ ግን አንዱንም እንዳያቋርጥ።